ሠላሳ አንዱ ኤሌክትሮኖች

ፊርደውስ ጠልሐ ከጣሊያን አገር መጥታ መካነ ሰላም የገባችው ግንቦት 21 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ረመዳን በያዘ በሦስተኛው ቀን ነበር። ሦስት ረመዳን ቶሪኖ ከተማ ውስጥ ብቻዋን አፍጥራለች። አራተኛውን ከአባቴ ጋር ላፍጥር ብላ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዳ መጣች። አባቷ ሸኽ ጠልሐ ዕድሜያቸውን ሙሉ የነቢዩን ቃል፣ ሐዲስን፣ ለተማሪዎች ሲያስቀሩ የኖሩ፣ ጥቂት የሚናገሩ፣ ሲናገሩም ቃል የሚመርጡ ሰው ናቸው።

ፊርደውስ ዶክትሬቷን የምትሠራው ስድሳ ሰው ባለበት የምርምር ቡድን ውስጥ ነው። ቡድኑ የሠራው መሣሪያ መሬትን በዘጠና ደቂቃ አንዴ በምትዞር የጠፈር ቤተ ሙከራ ላይ፣ ከውጭ በኩል ተገጥሟል። ሥራውም ከሰማይ ጥልቅ እየበረሩ የሚመጡ ኤሌክትሮኖችን ይዞ ጉልበታቸውን መመዘን ነው። ዓመት ከመንፈቅ ሲመዝን ቆይቶ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። ጽሑፉ ተዘጋጀ፣ ስድሳውም ሰው አነበበው፣ ቀን ተቆረጠ። ሰኞ ግንቦት 28፣ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ የቡድኑ መሪ ፕሮፌሰር ኦርኔላ ለመጽሔት ይልኩታል፤ በዚያው ሰዓት ለጋዜጠኞች መግለጫ ይሰጣሉ። ከጽሑፉ ደራሲዎች ሦስተኛዋ ፊርደውስ ናት። በዕድሜዋ ላሉ ተማሪዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ረቡዕ ግንቦት 23 ኢንተርኔት ተዘጋ። ያለፈው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከቀኑ በፊት ተሰርቆ ወጥቶ ስለነበር፣ ዘንድሮ ተማሪው ተፈትኖ እስኪጨርስ በመላ አገሪቱ አይከፈትም ተባለ። ፊርደውስ ብዙም አልከፋት። ሥራው አልቋል፣ ምን ይፈለግብኛል ብላ ተቀመጠች። ዓርብ ዕለት ደግሞ ነፋስ የመብራት ምሰሶ ጣለ። ቅዳሜ የስልኩ ማማ ጄኔሬተር ነዳጅ ጨርሶ ዝም አለ። ከተማው ያለ መብራትና ያለ ስልክ ዋለ።

እሑድ ከዐስር ሶላት በኋላ አባትና ልጅ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሸኽ ጠልሐ ልጃቸው ያመጣችውን የታተመ ጽሑፍ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያገላብጣሉ። ፊደሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ግራፉ ላይ ሲደርሱ ግን ጣታቸውን አቆሙ።

«ይች መስመር ቁልቁል ትወርዳለች» አሉ። «እዚህ ላይ ግን ጉብ ትላለች። ምንድን ናት?»

«እሷ ናት ነገሩ ሁሉ፣ አባባ። ጉልበቱ ከፍ ባለ ቁጥር ኤሌክትሮኑ እያነሰ መሄድ አለበት፣ ለዚህ ነው መስመሩ የሚወርድ። እዚያች ቦታ ግን ዐሥራ አራት ጠብቀን ሠላሳ አንድ አገኘን።»

«ቢበዛ ምን ይሆናል?»

«እንዲህ ዓይነት ኤሌክትሮን ሩቅ አይዘልቅም። መንገድ ላይ ጉልበቱን ይጨርሳል። እንግዲህ ከበዛ፣ የሚረጨው ነገር ቅርባችን አለ ማለት ነው። የሞተ ኮከብ ሊሆን ይችላል። ወይም ማንም እስከ ዛሬ ያላወቀው ነገር።»

ሸኽ ጠልሐ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ የጠየቁት ተማሪዎቻቸውን የሚጠይቁትን ነው።

«ይህን ያወራላችሁ ማን ነው?»

«መሣሪያው።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

«ዓመት ከመንፈቅ ሲያወራ አእምሮው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነበር?»

ፊርደውስ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ሐዲስ ካወሩልን ሰዎች ውስጥ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ታማኝ ሆነው ሳለ በኋላ የተምታታባቸው አሉ። አንዱ አርጅቶ፣ አንዱ መጻሕፍቱ ተቃጥለውበት። እንዲህ ያለውን ሰው ጨርሰን አንጥለውም፣ ጨርሰንም አንይዘውም። ከሱ የሰማውን ሰው መቼ ሰማህ እንለዋለን። ከመምታታቱ በፊት የሰማው ይያዛል፣ በኋላ የሰማው ይተዋል። ወሬው ሲያምር ደግሞ አብልጠን እንጠይቃለን።»

ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ። ሐምሌ ትዝ አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው ውስጥ መቶ ዘጠና ሁለት ክሪስታሎች አሉ። ኤሌክትሮን ሲመታቸው ብርሃን ይረጫሉ፤ ጉልበቱ የሚታወቀው በዚያ ብርሃን ነው። እያንዳንዱ ክሪስታል ሁለት ሚዛን አለው፤ አንዱ እንደ ወርቅ ሚዛን ለጥቂቱ፣ ሌላው እንደ እህል ሚዛን ለብዙው። ሁለቱ ሚዛኖች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ካልተስማሙ፣ እዚያች ቦታ ላይ የሌለ ነገር ይከመራል። እንዲስማሙ መጠበቅ የፊርደውስ ሥራ ነው። ባለፈው ዓመት ሐምሌ በጠፈር ያለችው ቤተ ሙከራ ላይ ኃይል ተቋርጦ መሣሪያው ጠፍቶ ነበር። ሲነሣ መቶ ዘጠና ሁለቱንም አንድ በአንድ ማየት ነበረባት። ሁለት ክሪስታል ብቻ አየች፤ ደህና ነበሩ። በዚያው ሳምንት ለጉባኤ የምታደርሰው ጽሑፍ ነበራት። የቀረውን በሚቀጥለው ሳምንት አየዋለሁ አለች። መዝገቡ ላይ ግን «ሁሉም ተፈትሿል» ብላ ጻፈችና ስሟን አኖረች። የሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሥራ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲያ አንድም ሰው አልጠየቃትም።

ተነሥታ ላፕቶፗን አመጣች። ባትሪው ዐሥራ ዘጠኝ በመቶ ላይ ነው፣ ቻርጅ የሚደረግበት መብራት የለም። ጉብታውን የሠሩትን ኤሌክትሮኖች ዝርዝር ከፈተች። የአባቷን እርሳስ ተቀብላ የታተመውን ጽሑፍ ገልብጣ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ጉልበት። ሸኽ ጠልሐ ወረቀቱን ያዙላት።

«የመጀመሪያው፣ ታኅሣሥ 2008» ትላለች። «በፊት።»

«በፊት» ብለው ይደግማሉ።

«ነሐሴ። በኋላ። ጥቅምት። በኋላ። ጥቅምት። በኋላ።»

ባትሪው ሰባት በመቶ ሲሆን ሃያኛው ላይ ነበረች። ስክሪኑን አደበዘዘችው፣ ዓይኗን አስጠግታ አነበበች። ሠላሳ አንደኛውን እንደጻፈች የሚዛኖቹን መዝገብ ልትከፍት ሞከረች፤ ማረጋገጫው ያ ነው። ፋይሉ ከባድ ነበር። እየተከፈተ ሳለ ላፕቶፑ ጠፋ።

ወረቀቱን ቆጠሩት። ከሐምሌ በፊት ዘጠኝ ወር፣ ከሐምሌ በኋላ ዘጠኝ ወር። ጊዜው እኩል ነው። ኤሌክትሮኖቹ ግን በፊት ስድስት፣ በኋላ ሃያ አምስት።

ስድስቱ እንዲያውም ለዘጠኝ ወር ከሚጠበቀው ሰባት ጋር ይሄዳሉ። የማይሄዱት ከሐምሌ በኋላ ያሉት ናቸው።

ሲያፈጥሩ ፊርደውስ ሦስት ተምር ብቻ በላች። አባቷ መግሪብን ሰግደው እስኪመለሱ ጠበቀችና የሐምሌውን ፍተሻ ነገረቻቸው።

«እኔ ነኝ የፈረምኩት።»

«ሳታዪ?»

«ሁለቱን አይቻለሁ።»

«ከስንቱ?»

«ከመቶ ዘጠና ሁለት።»

አላጽናኗትም፣ አልተቆጧትምም። የመቁጠሪያቸውን ፍሬ አንድ በአንድ አሳለፉ።

«ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» አለች። «ማስረጃው እኔ ጋ የለም። ይህ ጥርጣሬ ነው። ስድሳ ሰው ለፍቶ ነገ በዓለም ፊት ሊቆም ሲል፣ በጥርጣሬ ላስቆመው? ደግሞ ዝም ብል ማንም አያውቅም። ቢያንስ ለጥቂት ዓመት።»

«ማንም አያውቅም ያልሽውን ለማን ነው የነገርሽው?»

ፊርደውስ ተነሥታ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ስልክ የሚሠራው የት ነው?» አሉ ሸኽ ጠልሐ።

«አቀስታ ይሠራል ብለዋል።»

«ጧት የመጀመሪያው መኪና ስንት ሰዓት ነው?»

ሰኞ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፊርደውስ ሚኒባስ ውስጥ ነበረች። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው የተጻፈበት ወረቀትና ቻርጅ ያለቀ ስልኳ ብቻ ነው። የፕሮፌሰሯ የቢሮ ቁጥር ጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ላይ ታትሟል። ሾፌሩ ቢሻው የሚባል ቀጠን ያለ ሰው ነው። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አቀስታ ትገቢያለሽ አላት። ሁለት ሰዓት ትርፍ ይኖረኛል ብላ አሰበች፣ ትንሽም ተነፈሰች።

የለጋምቦን ዳገት ጨርሰው ሜዳው ላይ ሲወጡ ከሞተሩ ጭስ ወጣ። ቢሻው ወርዶ ከፈተው፤ ራዲያተሩ ተቀዶ ውሃው መንገዱ ላይ ይፈሳል። ከሁለት ሰዓት ዐሥራ አምስት ደቂቃ አልፏል።

«ጋሼ ቢሻው፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሳሙናም ለጥፌ፣ ውሃም ፈልጌ... እንጃ፣ እህቴ። ካልሆነ ከኋላ የሚመጣ መኪና ይጭናችኋል።»

«የሚመጣው መቼ ነው?»

«እሱን አላህ ያውቃል።»

ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት ሴት ወረዱ። ይርገዱ ይባላሉ፤ አቀስታ ነጭ ሽንኩርትና ምስር ይነግዳሉ፤ መካነ ሰላም ያለች ልጃቸውን ጠይቀው መመለሳቸው ነው።

«ምን ያስቸኩልሻል፣ የኔ ልጅ? የታመመ አለ?»

ፊርደውስ እንዴት ብላ እንደምታስረዳ ቸገራት። «ለሰዎች ያልሆነ ነገር አረጋግጫለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ» አለች። «ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ እሱን አምነው ለዓለም ሊናገሩ ነው። ከዚያ በፊት መደወል አለብኝ።»

ይርገዱ ነጠላቸውን አጣፉ። «በመኪና መንገድ ሩቅ ነው። እኔ አቋራጩን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ሰዓት ግድም ነው። ስልኬም ቻርጅ አለው። ተነሽ።»

ተነሡ። የሌሊቱ ውርጭ ሳሩ ላይ አልረገፈም፣ ነፋሱ ከፊት ለፊት ይገፋል። ይርገዱ ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ግን ፊርደውስ እቀድማቸዋለሁ ብላ ያሰበችው ስህተት ነበር። ቶሪኖ ሦስት ዓመት የተቀመጠ ሳንባዋ በዚህ ከፍታ ላይ እምቢ አላት። ጭቃ ያለበት ወንዝ ላይ ጫማዋ ቀረባት፣ አወጣችው፣ እንደገና ሄዱ። ሦስት ሰዓት አለፈ። የአንድ ገብስ ማሳ ዳር ሲዞሩ ትንፋሽ አጥሯት ቁጭ አለች።

ይርገዱ ከዘንቢላቸው ውሃ አወጡ።

«እኛም ዛሬ የሐዋርያትን ጾም ይዘናል፣ አልጠጣም። አንቺ ግን መንገደኛ ነሽ። ለመንገደኛ ይፈቀድላችኋል፣ አይደለም?»

«ይፈቀዳል።»

«እንግዲያ ጠጪ። እዚያ ደርሰሽ ድምፅ ካጣሽ ምን ዋጋ አለው?»

ጠጣች። ቀኑን በኋላ እከፍለዋለሁ ብላ በልቧ ነየተችና ተነሣች።

የአቀስታ ቆርቆሮ ቤቶች ከሸንተረሩ ላይ ሲታዩ አራት ሰዓት ከአርባ አንድ ነበር። ይርገዱ ስልካቸውን አዩት። ኔትወርክ ይዟል።

«ሠላሳ ብር አለው» አሉ፣ ለመቀበል እጇን ስትዘረጋ። «ለውጭ አገር ይበቃ ይሆን?»

የሚበቃው ለሁለት ደቂቃ ከምናምን ነው። ለሁለት ደቂቃ። ፊርደውስ የምትለውን ቃል በአእምሮዋ ደረደረችና ቁጥሩን መታች። አልሄደም። ደግማ መታች፣ «መስመሩ ተይዟል» አላት። በሦስተኛው ጠራ። አራት ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ ሆኗል።

ያነሣችው ጸሐፊዋ ናት። ፕሮፌሰር አዳራሽ ሊገቡ ነው፣ ከመግለጫው በኋላ ይደውሉ አለች።

«ፊርደውስ ነኝ፣ ከኢትዮጵያ። አሁን ካላነጋገርኳቸው መግለጫው ስህተት ነው። ስህተት ነው በያቸው።»

መነጋገሪያው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ የተረከዝ ድምፅ፣ የበር ድምፅ። ሴኮንዱ ሲነጉድ ይሰማታል። ይርገዱ ምን እንደሚባል ባያውቁም ትንፋሻቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ፊርደውስ?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«ጉብታው የኛ ሊሆን ይችላል፣ የሰማይ ሳይሆን። ሠላሳ አንዱን በቀን ይለዩዋቸው። ከሐምሌ በፊት ስድስት፣ ከሐምሌ በኋላ ሃያ አምስት። ሚዛኖቹ ተዛንፈዋል ብዬ ነው የምፈራው።»

«ሐምሌ ላይ እኮ ሁሉም ተፈትሿል። መዝገቡ ላይ አይቼዋለሁ።»

«አልተፈተሸም። ሁለት ብቻ ነው ያየሁት። የጻፍኩት ሐሰት ነው።»

ከወዲያ ማዶ የሰዎች ጫጫታ ይሰማል፤ ወንበር ይጎተታል፣ አንድ ሰው ይስቃል።

«ፊርደውስ» አሉ ፕሮፌሰር ኦርኔላ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፤ «አርባ ጋዜጠኛ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ገና አሁን...»

ስልኩ ተቋረጠ። ሂሳቡ አለቀ።

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረዱት። የመጀመሪያው ሱቅ ካርድ ጨርሷል፣ ሁለተኛው ሱቅ ባለቤቱ የለም። ሦስተኛው ጋ ካርድ አግኝታ ፍቃ ስትሞላ አምስት ሰዓት ከስድስት ነው። ደወለች፣ ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም። አምስት ሰዓት ከሩብ ደወለች። አምስት ተኩል ደወለች። ይርገዱ ሱቁ ደጃፍ ላይ በርጩማ አስመጥተው አስቀመጧት፣ ራሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«ሰምተውሻል አይደል?» አሉ።

«ሰምተውኛል። ምን እንዳደረጉ ነው የማላውቀው።»

«ያንቺን አድርሰሻል።»

«ያደረስኩት ዓመት አሳልፌ ነው፣ እትዬ ይርገዱ።»

ሴትዮዋ ይህን ሊያስተባብሉላት አልሞከሩም።

ሰባት ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ አነሣች። ድምፅዋ የደከመ ነው። ፕሮፌሰር ማንንም አያነጋግሩም አለች። «አንቺ ከደወልሽ ግን ደብዳቤዬን ትጠብቅ ብለዋል።» መግለጫው ተሰጠ ወይ ስትላት፣ ይህን እንድናገር አልተፈቀደልኝም አለችና ዘጋች።

ደብዳቤው የሚመጣው በኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት ዝግ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት ለፊርደውስ ከዚያ መንገድ የከፉ ነበሩ። ቤት ተመልሳ መብራት መጣ፤ ላፕቶፗን ሰካች፣ የሚዛኖቹን መዝገብ ከፈተች። ያላት ናሙና ሠላሳ ክሪስታል ብቻ ነበር። ከሠላሳው ዐሥራ አንዱ ሐምሌ ላይ ተዛንፈዋል። እንግዲህ ጥርጣሬ መሆኑ ቀረ። ፕሮፌሰሯ ስልኩን ዘግተው ወደ አዳራሹ ገብተው ከሆነ፣ ስድሳ ሰው በሷ ፊርማ የተነሣ በዓለም ፊት ውሸት ተናግሯል ማለት ነው። ራዲዮ ስትከፍት ትፈራለች፣ ሳትከፍትም አታድርም። ሸኽ ጠልሐ በሦስቱም ቀን ምንም አልጠየቋትም፤ ሲያስቀሩ ብቻ ከሌላው ጊዜ ቀረብ ብላ እንድትቀመጥ ቦታ ያስለቅቁላት ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተከፈተ። ስልኳ ተንጫጫ፣ ወዲያው አንድ መቶ ዐሥራ ሁለት መልእክት ገባ። የፕሮፌሰር ኦርኔላን ፈልጋ አወጣች። የተላከው ሰኞ ማታ ነው።

«ፊርደውስ፣

መግለጫውን ሰርዤዋለሁ። ጋዜጠኞቹ ፊት ቆሜ፣ መለኪያችን ላይ ጥያቄ ስለተነሣ ዛሬ የምንናገረው የለንም አልኳቸው። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ቀን አላሳለፍኩም። ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩን በቀን ለየነው፤ እንዳልሽው ነው። ከመቶ ዘጠና ሁለቱ ሰባ አንዱ ተዛንፈዋል። ሲታረም ጉብታው የለም።

ስህተት ማንም ይሠራል። የሠራሽው ግን ስህተት አይደለም፤ ያላየሽውን አየሁ ብለሻል። ስምሽ ከዚህ ጽሑፍ ይወጣል። የምርመራ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ስትመለሺ በስድሳው ሰው ፊት ቆመሽ ራስሽ ታስረጃለሽ። እስከዚያ ድረስ መዝገቡን እንዳትነኪ።

ከየት እንደደወልሽ ጸሐፊዬ ነግራኛለች። ደውለሽ ባይሆን ዛሬ ምን እንደምሆን ማሰብ አልፈልግም። ይህንንም ልታውቂው ይገባል።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ለአባቷ ወደ አማርኛ እየመለሰች፣ አንድም ቃል ሳታለዝብ አነበበችላቸው። «ያላየሽውን አየሁ ብለሻል» የሚለው ጋ ስትደርስ አቆመች። ሸኽ ጠልሐ ጠበቋት፤ ጨረሰችው።

«ትሄጃለሽ?» አሉ።

«እሄዳለሁ።»

ሰኔ ሲጋመስ ቶሪኖ ላይ ቆመች። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሚዛኖቹ መቼ እንደተዛነፉ፣ ስንቶቹ እንደተዛነፉ፣ ስንቱን እንዳየችና ምን ብላ እንደፈረመች በቅደም ተከተል ተናገረች። ለጉባኤ ጽሑፍ ቸኩዬ ነበር ማለት ሲቃጣት ዋጠችው። ጥያቄው አራት ሰዓት ፈጀ። ጉብታው ላይ የዶክትሬት ጥናቱን የመሠረተ አንድ ተማሪ ምንም ሳይጠይቅ ተነሥቶ ወጣ፤ እስከ ገና ድረስም ሰላም አላላትም። እሷም አላስገደደችውም።

ኮሚቴው በመስከረም ወሰነ። ከትምህርቷ አላባረራትም፤ ምረቃዋ ግን በአንድ ዓመት ተራዘመ፤ ከዚያ ወዲያ ማንኛውም ፍተሻ ላይ ብቻዋን እንዳትፈርም ታዘዘ። ለዳግም ፍተሻው ሦስት ሰው ሲመደብ ፕሮፌሰር ኦርኔላ አንዷ እሷ ትሁን አሉ። ለምን ተብለው ሲጠየቁም ምክንያት አልሰጡም።

ዐሥራ አንድ ሳምንት ፈጀባቸው። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ያያል፣ አንዱ ይጽፋል፤ ሦስቱም ይፈርማሉ። በኅዳር መቶ ዘጠና ሁለተኛው ሲያልቅ ግራፉን እንደገና ሣሉት። መስመሩ ሳያንገራግር ቁልቁል ወረደ። አጠገቧ የነበረው ሰው ተነፈሰና «ምንም የለም ማለት ነው» አለ።

«እስከዚህ ድረስ የለም» አለች ፊርደውስ፣ ጣቷን መስመሩ ያበቃበት ቦታ ላይ አድርጋ። «ከዚህ ወዲያ ያለውን ገና አልመዘንም።»